መጀመሪያ ማን የት እንደሚቀመጥ ንገሪኝ

ሰሞኑን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ብዙ ቤት ያለ ጭንቀት ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፤ ተከታይዋ 5 ዓመቷ ነው፤ ትንሿ ገና 10 ወሯ ነው። በሚቀጥለው ወር እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ስድስት ወር አብራን ትቆያለች። ጉልበቷን ያማታል። ያለችን መኪና ኮሮላ ናት። ሦስቱን ልጆች ከኋላ ደርድረን በሩን የምንዘጋው ገፍተን ነው። እናቴ ስትጨመር በፍጹም አንበቃም።

ሚኒቫን፣ ያን ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ መኪና፣ ፈልጌ አራት አይቻለሁ። የ2021 ቶዮታ ሲዬና፣ 78 ሺህ ማይል የሄደ፣ 31,500 ዶላር። የ2022 ሆንዳ ኦዲሲ፣ 41 ሺህ ማይል፣ 30,900። የ2023 ኪያ ካርኒቫል፣ 38 ሺህ ማይል፣ 29,800። የ2022 ክራይስለር ፓሲፊካ፣ 45 ሺህ ማይል፣ 24,500። ከ32 ሺህ በላይ የለንም። በአብዛኛው የምነዳው እኔ ነኝ። ልጆቹን አድርሼ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ዲሲ ሥራ እገባለሁ። በዓመት 15 ሺህ ማይል ገደማ ይሆናል።

ባለቤቴ ግን ሚኒቫን ሲባል መስማት አይፈልግም። ‹ዶልፊን ልታስነጂኝ ነው? መገናኛ፣ መገናኛ እያልኩ ልጣራ?› ይለኛል። እሱ የሚፈልገው ሃይላንደር የተባለውን የቶዮታ ኤስዩቪ ነው። ‹ግድ ሚኒቫን ከሆነ ደግሞ ቶዮታ ይሁን› ይላል። ባነበብኩ ቁጥር ይበልጥ ግራ ይገባኛል። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይገርመኝም። አራቱም ጥሩ መኪኖች ናቸው። አራቱም ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። አራቱም በግራም በቀኝም ተንሸራታች በር አላቸው። ሻጩ የሚያሳይሽ ስክሪን፣ ካሜራና የስልክ ቻርጀር ሁሉም ጋ አለ። በዚያ ካወዳደርሻቸው መቼም አትወስኚም።

እኔ የምልሽ፣ መኪኖቹን ለጊዜው ተያቸው። ወረቀት አውጪና ስድስታችሁን በየወንበሩ አስቀምጪ። ማን የት ይቀመጣል? እሱን ከጨረስሽ የመኪናው ጥያቄ ግማሹ ያልቃል።

ከትንሿ እንጀምር። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሕፃን ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ የእሷ ካር ሲት (የሕፃን መቀመጫ) ገና ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንደዞረ ይቆያል። እንዲህ ያለ ካር ሲት ቦታ ይበላል፤ ከፊቱ ያለውንም ወንበር ወደ ፊት ይገፋል። ወገብሽን ሳታጎብጪ የምታስሪያት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። እዚያ ትሁን። ሁለቱ ትልልቆች ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይለፉ። የ8 ዓመቱን ሕጉ ባያስገድደውም ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች እስኪደርስ ቡስተሩን (ከፍ የሚያደርገውን የልጅ መቀመጫ) አታንሺበት። አለበለዚያ ቀበቶው አንገቱ ላይ ያርፋል።

እናትሽስ? በሥራ ቀን አንቺ ስትነጂ ከጎንሽ ፊት ይቀመጣሉ። እሁድ ባለቤትሽ ሲነዳም አማቱን ከኋላ አስቀምጦ አይነዳም። ያደግንበት ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ይቀመጣል። ያኔ አንቺ ከትንሿ ጎን ትሆኛለሽ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሕፃኗ ስታለቅስ «እኔ ከጎኗ ልሁን» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ትቀያየራላችሁ።

አሁን ወረቀቱን እዪው። ሦስቱም ረድፍ ሁልጊዜ ሰው አለበት። ይኼን ነገር አጥብቀሽ ያዢልኝ። ከዚህ ሦስት ፍላጎት ይወጣል። እናትሽ ፊትም ሆነ መሃል ሳይወጡ ሳይንጠራሩ የሚገቡበት ዝቅ ያለ ወለል። የትንሿ ካር ሲት ታስሮ እያለ ትልልቆቹ ወደ ኋላ የሚያልፉበት መሃል ላይ ያለ መተላለፊያ። እና ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ለሕፃን ጋሪና ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ።

ስለ መጀመሪያው ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ያየሁት ስለሆነ። የኔ እናት ስትመጣ የነበረን ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ ነበር። ከፍ ያለ፣ ደስ የሚል መኪና። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ፓርኪንጉ ጢም ብሏል። ስንወጣ ከጎናችን አንድ ሰው አስጠግቶ አቁሟል። በሩን ብከፍት የሚከፈተው አንድ ክንድ አይሞላም። እናቴ በአንድ እግሯ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ እጇ የበሩን ጠርዝ ጨብጣ «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» ትለኛለች። ሌላውን እግሯን ለማንሳት ሦስት ጊዜ ሞከረች። በመጨረሻ ወገቧን ደግፌ አስገባኋት። በሚቀጥለው እሁድ «እኔ ቤት ብቀር ይሻለኛል» አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እኔ ደክሟት መስሎኝ ነበር። በኋላ የጎረቤቴ ሚኒቫን ሲወስዳት ግን አንድም እሁድ አልቀረችም። በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ትልና ሁለቱን እግሯን ታስገባለች። አለቀ።

አንድ ቀን በኤሌክትሪክ የሚዘጋው በር የነጠላዋን ጥለት ያዘው። ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰ። ጣት ወይም ልብስ ሲነካው ተመልሶ እንዲከፈት ነው የተሠራው። ቢሆንም አንድ ነገር አደራ፤ ልጆቹ የበሩን ቁልፍ እንዳይነካኩ ሹፌሩ ጋ ያለውን የበሩን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጥፊው። እናትሽንም መጀመሪያ ቀን ላይ በሩን አለማምጃቸው። ራሱ የሚንቀሳቀስ በር ያልለመደ ሰው ስቦ ሊዘጋው ይታገላል።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። ዶልፊን ያለው ይገባኛል። እኛ አገር ሚኒ የሚለው ቃል ከታክሲው ጋር ነው የሚታወሰን። ግን ሚኒቫን የሃያስ ዘመድ አይደለም። ያ ሃያስ ለሥራ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው የተቀመጠው። የአሜሪካ ሚኒቫን የተወለደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክራይስለር የ1984 ሞዴል ብሎ ካራቫንና ቮያጀርን ሲያወጣ ሐሳቡ እንደ ቤት መኪና ዝቅ ብሎ የሚነዳ፣ ከመኖሪያ ቤት ጋራዥ የሚገባ፣ ግን ቤተሰብ ሙሉ የሚጭን መኪና ነበር። አነዳዱ አሁንም ከኮሮላሽ ብዙ አይርቅም፤ ይረዝማል እንጂ።

ደግሞ ለባለቤትሽ የሚሆን ጠንካራ መልስ አለሽ። ሃይላንደር ሃይብሪድና ሲዬና የሚጋሩት የአንድ ፋብሪካ ስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም 2.5 ሊትር ሞተር ከኤሌክትሪክ ጋር ነው የሚሠሩት። የሁለቱም የነዳጅ ፍጆታ የአሜሪካ መንግሥት በሚያወጣው ልኬት በጋሎን 36 ማይል ነው፤ የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ማለቴ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ እያለ ከጀርባው የሚተርፈው ቦታ ሃይላንደር ላይ 16 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ሲዬና ላይ 33.5 ነው። ከእጥፍ በላይ! እናትሽን ደለስ ኤርፖርት ልትቀበሉ ስትሄዱ አስቢው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ሁለቱም ሞልተው ነው የሚመጡት። የሕፃን ጋሪ አለ። ስድስት ሰው አለ። በሃይላንደር ከሆነ አንድ ሰው ቤት ይቀራል፣ ወይ ሻንጣው ጭን ላይ ይሆናል።

በረዶን ካነሳ ደግሞ ሲዬና ላይ አራቱም ጎማ የሚነዳው አማራጭ አለ። ፓሲፊካም ላይ አለ። ኦዲሲና ካርኒቫል ላይ የለም። ግን እናንተ ያላችሁበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በረዶ ሲከብድ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም አንቺም ቤት ናችሁ። ጎማሽ ጥሩ ከሆነ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ገንዘብ አታውጪ።

እንግዲህ ወደ አራቱ።

ፓሲፊካ ርካሽ ስለሆነ ዓይንሽ እንደሚሄድበት አውቃለሁ። ከሲዬናው 7 ሺህ ዶላር ይቀንሳል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ፓሲፊካ የሚታወቅበት ትልቅ ብልሃት የሁለተኛው ረድፍ ወንበሮች ሳይነቀሉ ታጥፈው ወለሉ ውስጥ መቀበራቸው ነው። ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ጣውላ ለሚጭን ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ወረቀትሽን እዪው። አንቺ መቼ ነው ሁለተኛውን ረድፍ የምታጥፊው? ትንሿ እዚያ ታስራለች። ወለሉ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ደግሞ የወንበሩ ትራስ ቀጭን ሆኗል። ከሜሪላንድ አትላንታ ዘመድ ጥየቃ አሥር ሰዓት ስትቀመጪበት ይሰማሻል። ለማትጠቀሚበት ነገር ምቾትሽን ትከፍያለሽ ማለት ነው። ስትሸጪውም እንደ ቶዮታና እንደ ሆንዳ ዋጋውን አይዝም። አሁን የረከሰበት ምክንያት ኋላ አንቺንም ያገኝሻል።

ሆኖም ብድሩ የሚከብዳችሁ ከሆነ ፓሲፊካን አትናቂው። ያን 7 ሺህ ዶላር በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ ስምንት ዓመት ይፈጃል። ሒሳቡን ቀጥዬ አሳይሻለሁ። ብቻ ሻጩ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሃይብሪድ ካሳየሽ ሁለት ነገር እወቂ። ባትሪው የተቀመጠው ወንበሮቹ የሚቀበሩበት ቦታ ላይ ስለሆነ የሁለተኛው ረድፍ መታጠፍ እሱ ላይ የለም። በ2022 ደግሞ ኩባንያው የ2017 እና የ2018 ሃይብሪዶችን በእሳት ስጋት ለጥገና ጠርቷል፤ ባለቤቶቹንም ከቤት ራቅ አድርገው ሜዳ ላይ እንዲያቆሙ አሳስቧል። አንቺ ያየሽው የ2022 ቤንዚን ከሆነ ይህ አይመለከተውም።

ካርኒቫል መልኩ ኤስዩቪ ይመስላል። ምናልባት ባለቤትሽን ለማግባባት የሚቀለው እሱ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ያለው ቦታ 40.2 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ ሻንጣ የሚበዛበት ቤት ይወደዋል። ሞተሩ 290 የፈረስ ጉልበት አለው። በጋሎን ግን 22 ማይል ብቻ ነው የሚሄደው። የካርኒቫል ሃይብሪድ የመጣው ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ ያንቺ በጀት አይደርስበትም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነውና። ኪያ ስትዪ ሻጩ «የአሥር ዓመት ዋስትና አለው» ይልሻል። እውነቱን ነው፤ ግን የሞተርና የማርሽ የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። መኪናው ለሁለተኛ ሰው ሲሸጥ ወደ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይወርዳል፤ የሚቆጠረውም መኪናው አዲስ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ያንቺው 38 ሺህ ሄዷል። በዓመት 15 ሺህ ስትነጂ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። የሚመለሰው ኪያ ራሱ መርምሮና አረጋግጦ፣ ሰርቲፋይድ አድርጎ፣ ከሸጠው ነው። ስለዚህ «ሰርቲፋይድ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አዎ ካለ «በወረቀት አሳየኝ» በይ።

ኦዲሲን በጣም ነው የምወደው። የሁለተኛው ረድፍ መሃለኛ ወንበር ሲነሳ ሁለቱ የጎን ወንበሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ። ካር ሲቱ እንደታሰረ! ለምሳሌ ትንሿን ወደ መሃል ታስጠጊያታለሽ፤ ከፊት ሆነሽ ጡጦዋ ሲወድቅ እጅሽ ይደርሳል። በበሩ በኩል ደግሞ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ያልፋሉ። ይኼን ያሰበው ሰው ልጅ ያሳደገ መሆን አለበት። ውድ በሆኑት ሞዴሎቹ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ሕፃን በስክሪን የሚያሳይ ካሜራም አለ። ጨለማ ውስጥም ያሳያል። አቧራ መጥረጊያ የተገጠመለትም አለ። ዳቦ ቆሎ የሚበሉ ልጆች ያሉት ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፍርፋሪው የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ ይገባና ወንበሩ አልንቀሳቀስ ይላል።

ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 280 የፈረስ ጉልበት ነው። ወደ 495 ሃይዌይ ስትገቢ አያሳፍርሽም። ሻንጣ ሞልቶም ዳገት ላይ አይጨነቅም። ታዲያ ምን ይጎድለዋል? አንደኛው ነዳጅ ነው። ከተማ ውስጥ በጋሎን 19 ማይል፤ በአማካይ 22። ሁለተኛው ቺንጋው ነው። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ፣ የሞተሩን ክፍሎች በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው፣ ላስቲክ ነው፤ 100 ሺህ ማይል አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት። ከውሃ ፓምፑ ጋር አብሮ ይቀየራል። ከሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ችላ ከተባለና ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ያንቺው 41 ሺህ ስለሆነ አራት ዓመት ገደማ አለሽ። ሦስተኛውን ስለ ቀበቶ ስጽፍ አነሳዋለሁ።

አሁን ሲዬና። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምርጫሽ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሲዬና ሁሉም ሃይብሪድ ነው። ሃይብሪድ ያልሆነ አዲስ ሲዬና የለም። አይሰካም፤ ራሱን ራሱ ይሞላል። ፍሬን በያዝሽ ቁጥር ድሮ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጉልበት ባትሪ ውስጥ ይገባል። መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩ ይጠፋል። ቀስ ብለሽ ስትነሺ በኤሌክትሪክ ነው። ያንቺ መንገድ ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ነው፤ መብራት፣ አውቶቡስ፣ መብራት። ቤንዚን መኪና በጣም የሚበላበት መንገድ ሃይብሪድ በጣም የሚቆጥብበት መንገድ ነው።

ሒሳቡ ይኸውልሽ። በዓመት 15 ሺህ ማይል በጋሎን 22 ማይል ሲካፈል 682 ጋሎን ይሆናል። በ36 ሲካፈል 417። ልዩነቱ 265 ጋሎን ነው። ጋሎኑን 3.30 ዶላር ብንለው በዓመት 875 ዶላር ገደማ። በስድስት ዓመት ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ቤትሽ ቀረ ማለት ነው። ከኦዲሲው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ 600 ዶላር ብቻ ነው። እሱን በመጀመሪያው ዓመት ትመልሺዋለሽ።

«78 ሺህ ማይል ሄዷል፣ ባትሪውስ?» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ፤ መጠየቅ ያለበት ነው። ቶዮታ ለዚህ ባትሪ የሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ይኼኛው ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው፤ ለሁለተኛው ገዢ አይቆረጥም። ያንቺው ገና 72 ሺህ ማይል ይቀረዋል። ታይሚንጉም ሰንሰለት ነው፤ እንደ ኦዲሲው ቺንጋ በቀጠሮ አይቀየርም።

የሚከፈለውንም ልንገርሽ፤ ሳታውቂው ገዝተሽ እንዳታዝኚ። ጉልበቱ 245 ፈረስ ነው፤ ከሌሎቹ ያንሳል። ዳገት ላይ ወይም ሃይዌይ ስትገቢ አጥብቀሽ ስትረግጪው ሞተሩ ይጮሃል። የሚጮኸውን ያህል አይሮጥም። አንዳንድ ሰው ይኼን ጨርሶ አይወደውም። ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ረድፍ ወንበሮች አይነቀሉም። ወንበሩ ውስጥ ኤርባግ ስላለ ነው። ወደ ፊት ይገፋሉ እንጂ አይወጡም። ኦዲሲ ላይ ይነቀላሉ፤ ግን አንዱ ወንበር 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ብቻሽን አታወጪውም፤ አውጥተሽም የምታስቀምጪበት ቦታ ያስፈልግሻል።

አሁን እንደገና ወረቀትሽን አውጪ። ወንበሮቹ አይነቀሉም የሚለው ለሲዬና ትልቁ ወቀሳ ነው። በየጽሑፉ ታገኚዋለሽ። የዕቃ ንግድ የሚሠራ፣ ሁለት ልጅ ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እኔም «ተወው» እለው ነበር። አንቺ ቤት ግን ያ ወንበር አይወጣም። ሕፃን አለበት። አያት ወይም እናት አለችበት። በዓመት አንዴ አልጋ ለማምጣት ፒክአፕ ተከራዪ፤ ይቀላል።

ስለዚህ ምክሬ ሲዬናው ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ባለ ሰባት ሰው መሆን አለበት። ማለትም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለየብቻ የሆኑ ሁለት ወንበሮች ኖረውት መሃሉ ክፍት የሆነው። የ2021 ሲዬና ባለ ስምንትም አለ። ባለ ስምንት ከሆነ መሃሉ ይዘጋል፤ የትንሿ ካር ሲት በታሰረበት በኩል ወንበሩን ማጠፍ አትችዪም፤ ትልልቆቹ በየቀኑ በሌላኛው ወንበር በኩል እየተንጠላጠሉ ያልፋሉ። እናትሽ እዚያ ሲቀመጡ ደግሞ ለጉልበታቸው አይሆንም። ያየሽው ባለ ስምንት ሆኖ መሃለኛው ወንበር የማይነሳ ከሆነ ወይ ሌላ ሲዬና ጠብቂ፣ ወይ ኦዲሲውን ውሰጂ። ኦዲሲ መሃለኛው ስለሚነሳ ያ ችግር የለበትም።

ባለቤትሽ «ቶዮታ ይሁን» ማለቱ እንግዲህ ለዚህ ቤት ሰመረ። ግን ምክንያቱ ስሙ እንዳይሆን። አገር ቤት ቶዮታ ማለት መለዋወጫ በየመንደሩ ማለት ነበር፤ ስትሸጪውም አይወርድም። እዚህ አገር ያ ጥቅም ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ አንቺም እየከፈልሽበት ነው። ሲዬናው 5 ሺህ ዶላር ቢወደድ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለ ቀበቶ ልናገር አልኩ። የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት አይአይኤችኤስ የተባለ የደኅንነት ተቋም በ2023 እነዚህን አራቱን ሚኒቫኖች አጋጭቶ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደሚጠበቅ አይቶ ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ያስቀመጠው የሙከራ አሻንጉሊት የአጭር ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ ቁመት ነበረው። ካርኒቫል፣ ፓሲፊካና ሲዬና ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብለው ወጡ። ኦዲሲ የመጨረሻውን ደረጃ አገኘ። አንዳቸውም ጥሩ አልተባሉም። ካር ሲት ውስጥ በትክክል የታሰረ ሕፃን ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ውጤቱ የሚመለከተው አንቺንና ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡትን እናትሽን ነው።

ስለዚህ የቀበቶውን ነገር እንደ ቀላል አትዪው። እናቶቻችን ቀበቶ ሲያስሩ ጋቢውንና ነጠላውን ከላይ እስከታች ይደርቡና ቀበቶውን በዚያ ላይ ያደርጉታል። ጋቢው ወፍራም ነው፤ ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በግጭት ጊዜ ጋቢው ተጨምቆ ክፍተት ይፈጠራል። ያኔ ቀበቶው ከዳሌ ወደ ሆድ ይወጣል። መጀመሪያ ቀበቶው ይታሰር፤ ዳሌ ላይ ዝቅ ብሎ፣ በደረት ላይ አልፎ። ጋቢው ከዚያ በኋላ ከላይ ይደረብ። ለትንሿም ያው ነው፤ ወፍራም የክረምት ጃኬት አስለብሰሽ ካር ሲት ውስጥ አትሰሪያት። አስረሻት ብርድ ልብስ ጣይባት።

ከመፈረምሽ በፊት የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር፣ ቪአይኤን የሚሉትን፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የፌዴራል መንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢው ያልተሠራ ሪኮል (ኩባንያው መኪናውን ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ በነፃ ይነግርሻል። ሪኮል ዲለሩ ጋ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ የራስሽ መካኒክ ይየው፤ የሻጩ አይደለም። ሁለቱን ተንሸራታች በር አሥር አሥር ጊዜ ክፈቺና ዝጊ። የሚንቀጠቀጥ ወይም መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ የበሩ ሞተር ወይም ገመዱ ደክሟል፤ ጥገናው ውድ ነው፤ ከዋጋው ይቀነስልሽ።

ብቻሽን ደግሞ አትሂጂ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ልጆች፣ ካር ሲቶቹንና የሕፃን ጋሪውን ይዘሽ ሂጂ። ባለቤትሽም ይምጣ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤት ካሉሽ «ይምጡና ይርዱኝ» ብለሽ ለምኛቸው፤ እናትሽ ገና ስላልደረሱ እሳቸው ይግቡና ይውጡ። የትንሿን ካር ሲት እዚያው እሰሪው። ባለቤትሽ ከፊት ይቀመጥና ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካ እንደሆነ ይይ። ልጆቹ ራሳቸው ወደ ኋላ አልፈው ቀበቷቸውን ይሰሩ። ጋሪውን ከኋላ አስገቢና በሩ ይዘጋ እንደሆነ እዪ። ሻጩ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ። ሃይላንደሩም እዚያው ካለ ያንኑ በእሱ ላይ ድገሙት፤ ጎረቤትሽም በሁለቱም ይግቡ። ከዚያ በኋላ ባለቤትሽን ምንም አትዪው፤ ከጎን ቆሞ ሲያያቸው ይበቃዋል።